የኦቡያ አውራ ጣት

ቀለሙን የያዝሁት፣ ያን ሰማያዊ ስፖንጅ በቆርቆሮ፣
እኔ ነኝ። ልናገረው፣ ከሌላ አፍ ሳይመጣ ዞሮ።
ከመንደሩ ቀለም የቆጠርሁ ነኝና ቀለም አስያዙኝ፤
ከመኪና ወርደው፣ በስሜ ጠርተው፣ «አቶ» ብለው አዘዙኝ።

ማክሰኞ ነበር። ከቪክቶሪያ ወዲህ፣ ከረግረጉ ዳር ድንኳን ተከሉ፣
ወንበር ደረደሩ፣ ለስላሳ በበረዶ ሞሉ።
«ፈርሙ፤ ለምሳ ነው፣ ለትራንስፖርት አበል፣»
ይላል ሙሪቱ፣ ጫማውን ከጭቃ እየጠበቀ፣ ሲያባብል።
መጻፍ ያለመደ አውራ ጣቱን ዘርግቶ፣
ከስፖንጄ ነክሮ፣ ወረቀቱን ተጭኖ፣ ሸሚዙ ላይ ጠርጎ፣ ተሰናብቶ፣
ይሄዳል ወደ ሩዙ፣ ወደ ዓሣው፤ ከገዛ ውሃው ወጥቶ
ከኪሱሙ ገበያ ተገዝቶ
ለራሱ ወደ ተጋበዘው።

የኔ ድርሻ አምስት መቶ ሽልንግ። ተቀበልሁት።
ጣቴን በሳሙና፣ በአመድ፣ በአሸዋ አሸሁት።

ከዚያ ችካል መጣ። አናቱ ቀይ፣ ወገቡ ላይ ቁጥር፣
በደንገሉ መሐል እንደ ሹም ተገትሮ የሚቆጥር፤
እስከ አፖንዲ ማጨጃ፣ እስከ ሽመሎቹ ጎጆ ድረስ፣
እስከ ምንጯ፣ በድርቅ ዓመት ለሰው የምትደርስ።
ሩዝ ነው አሉ። አይ፣ ሸንኮራ። አይ፣ ሆቴል።
ሦስቴ ጠየቅን፤ መልሱ ሦስት ዓይነት፤ ቡልዶዘሩ ግን አንድ ነው፣ ቆሟል።

አፖንዲ ምንጣፍ ሠሪ ናት። ደንገል አጭዳ፣ ሰንጥቃ፣
ሳይደርቅ ሳይረጥብ፣ የሦስተኛውን ቀን ፀሐይ ጠብቃ።
ከጉልበቷ በታች አልቅት የተወው ነጥብ አለ፤
«ይኼ ነው ደረሰኜ፤ የማን ወረቀት ይህን አከለ?»

እሷው ሄደች። ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር፣ በጀልባ፣ ከዚያ በእግር፤
«ፈቅዳችኋል ተባልን። ማን እንደ ፈቀደ ይነገር።»
ጸሐፊው ፋይል ገለጠ። ምሳ የሚል ቃል የለም፤
«መሬቱን ለመልቀቅ የተስማሙ» ይላል፣ በደማቅ ቀለም።
ስም በስም አነበበ። አርባ ሦስተኛው ላይ፣ «ኦቡያ ራንዲጋ» ሲል፣
ኛጊሎ ሳቀች። ሳቋ መሐሉ ላይ ተሰበረ እንደ ገል።
ባሏ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ውሃው አጥር ሲሞላ፣
እኛው ነን የቀበርነው፣ ከሾላው ኋላ።
«መጣ እንዴ?» አለች። «ለእኔ ሳይነግረኝ? ሩዝ በላ?»

ሰው ሁሉ የማን ጣት ነው አለ።
እኔ አውቃለሁ።
ሙሪቱ «ሰባት ጎደለ» ሲለኝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቀለሙን ይዣለሁ።
አንዴ በቀኝ አውራ ጣቴ፣ አንዴ በግራው፣ አንዴ በጠርዙ፣
ሰባት ሰው ሆንሁ፣ ለስላሳው ሳያልቅ ከነበረዶው፣ ከነጠርሙሱ።
ስም ጥራ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣውን ጠራሁ።
መረብ መጠገን ያስተማረኝን ሰው።

በእኛ ጭቃ ካሞንጎ የሚሉት ዓሣ አለ፤
ውሃው ሲሸሽ ይቀበራል፣ በገዛ ምራቁ ተጠቅልሎ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ፣ እየዋለ።
ደረቅ አፈር ነው ብለው ልጆች ሲቆፍሩ ይነክሳል።
ሁለት ወር እንዲያ ነበርሁ። ዝናቡ ግን ይመጣል፤ ጭቃው ይርሳል።

አሁን ሰኞ ከዳኛው ፊት እቆማለሁ።
ምን ይፈርዳል? አላውቅም። ሙሪቱ ደውሏል፤ አላነሣሁም።
አፖንዲ እስካሁን አታናግረኝም፤ ምንጣፏን አሻግራ ትተፋለች።
ችካሎቹ ላይ ቁራ ሰፍሯል።

ትናንት ኛጊሎ ዘንድ ሄድሁ። መረብ ይዛለች። ሰባቱንም ነገርኋት።
አልጮኸችም። «እጅህን አምጣ» አለች። ሰጠኋት።
አገላበጠችው፣ ወደ ብርሃን አወጣችው፣ እንደ ገበያ ዓሣ፤
«የሱ ሰፊ ነበር፣» አለች። «እዚህ ጋ፣ የመንጠቆ ጠባሳ።»