የእናትሽ ስም ማነው?

አዘዞ መንገድ ላይ፣ ከማደያው ወዲያ፣
አለ አንድ መጋዘን፣ የዘይት የዱቄት የጅምላ ማከፋፈያ።
ጣሪያው እንደ ሰማይ ሩቅ፣
ድንቢጥ ገብታ መውጫ የምታጣበት ሱቅ።
ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ጆንያ በጆንያ፣
መተላለፊያው ጠባብ፣ የክርን መጋፊያ።

ቅዳሜ ነው። መስከረም ሊጠባ አራት ቀን ቀርቶታል፣
ደብተሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም ባንዴ ይፈለጋል።
ሶልያናን ይዣለሁ፤ አራት ዓመቷ ነው።
ቢጫ ቀሚስ ያለበስኳት አውቄ ነው፤
ከሩቅ እንድትታየኝ፣
እንደ መብራት ከሰው መሀል እንድትለይልኝ።

«እጄን አትልቀቂ፤ እጄ ከተያዘ ቀሚሴን ጨብጪ፤
ጋሪ ላይ አትውጪ፤
ከጆንያ ክምር ሥር እንዳትቀመጪ፤
ብትጠፊም ደግሞ፣ አፌን ቁርጥ ያርገው፣
ባለሽበት ቁሚ፤ አትሩጪ።»
ስል ነበር ከበሩ፣
እሷ ግን ዓይኖቿ ቀድመዋት ገብተው
ከብስኩት ካርቶን ጋር ሲነጋገሩ።

ባለሱቁ፦ «አምስት ሊትሩ በዚህ፣ ሃያው ደግሞ በዚህ።»
ለመቁጠር እኮ ነው እጇን የለቀቅኩት።
ለመቁጠር፤ አሥር ጣት ስላስፈለገኝ።
ስንት ብር እንዳተረፍኩ አግኝቼ ቀና ስል፣
ቢጫ የለም።

ቢጫማ ሞልቷል፤
የዘይቱ ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ነው፣
እስከ ጣሪያው ድረስ።

ያን ጊዜ ነው መጋዘኑ ያደገው።
ግድግዳው ሸሸ፣ ጣሪያው ራቀ፣
ስሟን ጠራሁ፤ ድምፄ ከስኳር ጆንያ ውስጥ ገብቶ ታነቀ።
የሚገፋው ጋሪ ዓይን የለው፣
ገፊው ከጭነቱ ኋላ፣ ፊት ፊቱን የሚያይለት ማነው?
የአራት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ከጋሪው ብረት እኩል ነው።
በሩ ወለል ብሏል፤ ከበሩ ማዶ አስፋልት፣
ከአስፋልቱ ማዶ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ማዶ ጎንደር በሙላት።

ጮህኩ። ዘበኛው ጋሽ እንየው
ምን ሆንሽ አላለኝም፤ ዞሮ በሩን ዘጋው።
«እስክትገኝ ሰው አይወጣም» አለ፣
ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ ዱላውን ተከለ።
የቸኮለ ነጋዴ «ልውጣ» ብሎ ሲቆጣ፣
«ስድስት ወልጃለሁ» አለው፣ ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ።

ከዚያ፣ ቅናሽ ሲለፍፍ የዋለው ድምፅ ማጉያ
ጉሮሮውን ጠረገ፦
«ልጅ ተገኝታለች። ቢጫ ቀሚስ።
የእናቷን ስም ጠይቀናት...» ትንሽ ዝም አለ።
«...እማዬ ነው ብላለች።
እማዬ የምትባሉ፣ እባካችሁ ወደ ሒሳብ ክፍል።»

ማንም አልሳቀም።
ስንት ሴት ዞረች! የያዘችውን የጣለች፣
ያዘለችውን በእጇ የዳሰሰች፣
ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሸበቶ እንኳ ቀና አለች።
ለአንድ አፍታ በዚያ ቆርቆሮ ሥር
ሁላችንም አንድ ስም ነበረን።

ሮጥኩ። ከሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣
ብስኩት በአንድ እጇ፣ በሌላው ካልኩሌተር ትነካካለች።
አላለቀሰችም። ይልቅ ተቆጣችኝ፦
«እማዬ! የት ጠፋሽ? እኔ እኮ ባለሁበት ቆምኩ።»

ገንዘብ ያዧ ልትሰጠኝ ብላ ስሜን ጠየቀችኝ።
አራት ዓመት «የሶልያና እናት» ተብዬ ኖሬ፣
ለራሴም ከአፌ ቶሎ አልወጣ አለኝ።

በባጃጅ ስንመለስ፣ ሃያው ሊትር ከእግሬ ሥር፣
ትምህርት ተጀመረ፣ ከሀ ሁ በፊት የሚቆጠር።
«የእናትሽ ስም ማነው?»
«እማዬ!»
«ወርቅያንጥፉ በዪ።»
«ወርቅ... ያንጡፍ።»
ባለ ባጃጁ በመስታወቱ ሳቀብኝ።
ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ስሜን በትንንሽ ጥርሶቿ
ሰባበረችው፣ ገጣጠመችው፣ እንደገና ጣለችው።
እናቴ ካወጣችልኝ ወዲህ ማንም
እንዲህ ተጠንቅቆ አልጠራኝም።

የፋሲል ግቢ አጥር ሲታይ ሆነላት፤
ሙሉውን፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል።
የስልክ ቁጥሬን ነገ እንጀምራለን።

ቤት ገብተን ዘይቱን ሳወርድ ነው ትዝ ያለኝ፦
የብስኩቱን አልከፈልንም።