አሥራ ሁለት ቢት

ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ጀርመንታውን ሰፈር፣
ምድር ቤቱ ወርዳ፣ ከቦይለሩ ጥግ ዳር፣
ቀኑን አውቶቡስ ላይ መሪ ይዛ የዋለች
ዮላንዳ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች።

ከበሮ ትሻለች።
ከበሮስ ሞልቷታል፤ ሺህ ከበሮ አላት፣
ጠቅ ባደረገች ቁጥር የሚንዠቀዠቅላት፤
ታጥቦ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ የጠራ፣
የማንም ጣት የለበት፣ የማንም አሻራ።

እሷ ግን የምትሻው ያንን ጎርናና ነው፣
ከወንድሟ ሳምፕለር ድሮ የሚወጣው፤
ከግራጫው ሣጥን፣ ፍሎፒ ከሚውጠው፣
አሥር ሴኮንድ ብቻ ከሚያስታውሰው።
በዘጠና ሰባት፣ የቤት ኪራይ ደርሶ፣
ራንዶልፍ ሸጦታል፣ ከነገመዱ ለብሶ
በአሮጌ ፎጣ። ራንዶልፍ፦
ቢት ሲመታ ኖሮ ቤት ያልመታለት ሰው።

ድምፁን የሚያስመስል ሶፍትዌርማ አለ፣ ዘጠና ዘጠኝ ዶላር፤
ድህነትን ለመግዛት ይህን ያህል ብር!
አልገዛችም። በእጇ ትሠራው ጀመር።
ከሃያ አራቱ ቢት አሥራ ሁለት ጣለች፣
የናሙናውን ቁጥር ግማሽ አደረሰች፣
ማጣሪያውን ነቅላ በሩን ወለል አድርጋ
ያልተጋበዘው ፉጨት ከላይ እንዲገባ
ፈቀደች።

ደወለች። ራንዶልፍ ከወንዙ ማዶ፣ ካምደን፣
ግራ ጆሮው ሞቷል፤ ቀኙን አታታልለውም።
«አልሆነም» አላት። «ይሄ የቆሸሸ ነው።
ያኛው የደከመ ነበር።»

ሦስት ሌሊት ይቺ ቃል አላስተኛቻትም።
በአራተኛው፣ ማርሽ ስትቀይር፣ መብራት ላይ ቆማ፣
ትዝ አላት፦ አሥር ሴኮንድ ምን ይይዛል?
ለካ ያኔ ሸክላውን፣ በሠላሳ ሦስት የሚሄደውን፣
በአርባ አምስት አስሩጠው፣
ድምፁን እንደ ሻንጣ ልብስ ረግጠው ጠቅጥቀው
ነበር የሚያስገቡት፤ ውስጥ ከገባ በኋላ
ጎትተው፣ አዝግመው ወደ ልኩ መለሱት።
ያ ሽብሽብ፣ ያ እጥፋት፣
ሻንጣው ውስጥ የተኛ ሸሚዝ የሚያወጣው መሥመር፣
እሱ ነው የጠፋት።

ኋላዋ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋባት።

ማቆሸሹን ተወች። የሚበቃው ቦታ እያለ
ቦታ የሌላት መስላ ድምፁን ጠቀጠቀች፤
አስሮጠች፣ ቆረጠች፣ አዘገመች።
ደወለች።

ስልኩ ውስጥ ዝምታ። ከዚያ፦ «ነው» አለ።
ቆይቶ ደግሞ፦ «ግን ምን ያደርግልሻል?
እኔ እኮ ያን ሻካራ ስሸሸው ነው የኖርሁ፤
ላጸዳው፣ ላጠራው ስንት ሌሊት ነጋሁ፣
የሀብታም ስቱዲዮ እንዲመስልልኝ ስል።»

መልስ አልነበራትም። ቦይለሩ አጓራ።

«ደግሞ ከበሮው ጮኋል» አለ። «ያኔም ነግሬሻለሁ።»
«ያኔም አልሰማሁህም» አለች ዮላንዳ፤
አንዲት ነጥብ አልቀነሰች።