ስምንቱ ቀለማት በነጭ ጠመኔ

መምህር አሳልፈው፣ እንደምን ሰነበቱ?
ኮምቦልቻ እንዴት ነው? ኮሌጁ? ክረምቱ?
እኔ ሉባባ ነኝ። ያች ከኋላ ወንበር፤
"ሰሌዳው አይታይም" እያልኩ እጮህ ነበር።

ፉጃይራ ነው ያለሁት፣ ከባሕሩ ዳርቻ፤
ተራራ ከጀርባ፣ ከፊት ውሃ ብቻ።
የምሠራው ማታ ነው፤ መስኮት የሌለው ቤት፣
ከባሕር የወጣ ገመድ የሚያርፍበት።
ሰው አይተኛበትም፤ ማሽን ነው ባለቤቱ፣
እሱ እንዳይሞቀው ነው ብርዱ መበርታቱ።
ባጄ ላይ "ጽዳት" ይላል፣ በዐረብኛ ተጽፎ፤
ሌቭል አራቴ ግን ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ።

መጀመሪያ ቀን ስገባ፣ መወልወያዬን ይዤ፣
ቆሜ ቀረሁ እዚያው፣ እንደ ሐውልት ፈዝዤ።
ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሥለው "ሰርቨር ይኼ ነው" ያሉን፣
እኛም በማስመሪያ ገልብጠን የሣልን፣
ለካስ ይተነፍሳል፤ ለካስ ድምፅ አለው፤
ለካስ ሺህ ዐይኑን ነው በሌሊት የሚጠቅሰው።

ደግሞ ገመዶቹ!
ስምንቱን ቀለማት ያስታውሳሉ መምህር?
በቃል ያስጠኑንን፣ ዜማ ያለው ነገር፦
ነጭና ብርቱካን፣ ብርቱካን ለብቻው፣
ነጭና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊው፣
አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒው መጨረሻው።
ስምንቱን ቀለማት በነጭ ጠመኔ
ጽፈው ሲያስጠኑን፣ አልሳቅሁም ያን ጊዜ እኔ።
ሃምሳ ሁለት ነበርን፤ ኮምፒውተሩ አራት፤
ሁለቱ የሚነሣው ሲመጣ መብራት፤
ሦስተኛው ሬጅስትራር ጋ፤ የአራተኛው ቁልፉ
ንብረት ክፍሉ ኪስ ነው፤ ወራቱም አለፉ።

እዚህ ሲጆ የሚባል አለ፣ የማታ ተረኛ፣
የኬረላ ልጅ ነው፣ በጣም እንቅልፈኛ።
አንድ ሌሊት፣ የገመዱ ጫፍ ተበላሽቶ፣
ሲቆርጥ፣ ሲያበላሽ፣ ሽቦው ተምታቶ፣
"ሰማያዊው ቀድሟል" አልኩት ከኋላው ቆሜ፤
እንዴት ደፍሬ እንደሆን፣ በየትኛው አቅሜ!
ዞር ብሎ አየኝና፣ መወልወያዬን አይቶ፣
መቆንጠጫውን ሰጠኝ፣ እጁን ዘርግቶ።

መምህር፣ አፌ ያውቃል። እጄ ግን አያውቅም።

አንዱን ቆረጥኩት፤ አጠረ። ሌላው ተጨማደደ።
ሦስተኛው ላይ ጥፍሬን መቆንጠጫው ወሰደ።
ሲጆ አልተቆጣም። "እኔ" አለኝ "ኮሌጅ ሳለሁ
መቶ ሜትር ገመድ ነው ቆርጬ የጣልሁ።
መምህራችን ቅርጫቱን ነበር የሚያየው፤
ቁርጥራጩ ካልሞላ፣ 'ገና ናችሁ' ነው የሚለው።"
በስድስተኛው ግን፣ መፈተሻው ላይ ስሰካ፣
ስምንት መብራት በራ፣ አንዱ አንዱን ሲነካ።

አላለቀስኩም እኔ። ወለሉን ያረጠብኩት
ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ደግሜ ወለወልኩት።

ሲነጋ ወደ ካምፕ፣ በባሕሩ ዳር ስናልፍ፣
አንድ ሽማግሌ አለ፣ መረብ የሚሰፋ፣ የማያርፍ፣
የልጅ ልጁን ይዞ። ስለ ዓሣ አያወራም፣
የመረብ ዓይነቶችን በቃል አያስጠራም፤
የተቀደደውን ልጁ ጭን ላይ ይጥላል፣
"አንተ ቋጥረው፤ ካልያዘ ፍታው" ይላል።
እኛም የተማርነው መረብ ነበር፣ መምህር፤
ወደብም ተምረናል፣ ሁሉን በየቁጥር።
መረብ ሳንነካ፣ ወደብ ሳናይ በዓይን፣
ከደላላ መረብ ዓሣ ሆነን ገባን።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤
ደመወዝዎን አውቃለሁ፤ ጠመኔውም የለም።
ከመኪያ ጋር ልኬያለሁ አንድ ጥቅል ገመድ፤
ሦስት መቶ ሜትር ነው፤ ለቢሮ እንዳይወሰድ!
ንብረት ክፍል አይግባ፤ ሞዴል አይሙሉበት፤
ከኋላ ወንበር ጀምረው ለልጆቹ ያድሉት።
ይቁረጡት፤ ያበላሹት፤ ይዘኑ፤ ይቆጡ፤
ደግመው ይጀምሩ፤ መልሰው ይቁረጡ።
ፈተናም ሲያወጡ፣ ወረቀቱን ትተው
ቅርጫቱን ይዩልኝ።
ሞልቶ ከሆነ ብቻ "አልፈሻል" ይበሏት፣
ያቺን ከኋላ ያለችውን።

ሉባባ፣ ከፉጃይራ።

ባጄ ዛሬም "ጽዳት" ይላል።
ሲጆ ግን ቅዳሜ ማታ አዲስ መቆንጠጫ ይዞ መጣ፤
ሁለት።