ሦስት ቀን አዘገየኝ

ሱቄ አዳማ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
ነፋስ ሳያንኳኳ ከነአቧራው ሲገባ
ብሎኖቼን ሁሉ በጣሳ ከድኜ
እውላለሁ እዚያ፣ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኜ።

የሽንኩርት ገበሬ፣ የቲማቲም ጌታ፣
ሞተሩ ሲታፈን፣ ሲነሳው ጠብታ፣
ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከዶዶታ መጥቶ፣
ፓምፑን እንደ ሙክት ከጣሪያ አስፈትቶ፣
«ማነው ጥሩ ጠጋኝ?» ይለዋል ባለጋሪውን፣
ሎተሪ አዟሪውን፣ ከፊቱ ያገኘውን።
ልጅ እግር ከሆነ ስልኩን ይጠይቃል፤
ስልኩስ በምን ያውቃል?
እሱም ከየሰው አፍ ቃል ይሰራርቃል፤
ለቅሞ ይደረድራል፣ አንዱን ከላይ ሰቅሎ፣
ሌላውን ከሥር ጥሎ።

እኔ ከሥር ነበርኩ፤ ከሥርም የሥር ሥር፣
ገፊ ጣት ሰልችቷት ከምትተወው መንደር።

የእህቴ ልጅ ለሜሳ፣ ኮሌጅ ጨርሶ የመጣው፣
«አጎቴ፣» አለኝ፣ «ምስጋና ነው ስም ከታች የሚያወጣው።
ሃያ ልጅ አውቃለሁ፤ ላንድ አፍ ሃምሳ ብር፣
በሳምንት ከላይ ነህ፣ ስምህ ሲደረደር።»
እሺ አልኩ። ሰው ነኝና ኪራይም አለብኝ።
መዶሻዬ ብቻ ዞር ብሎ ታዘበኝ።

አወረዱት ቃሉን እንደ ሐምሌ ዝናብ፦
«ምርጥ!» «በጣም ምርጥ!» «ምርጥ!» «ምርጥ ነው ያለ ሐሳብ!»
ፓምፕ ነክቶ የማያውቅ፣ ቧንቧ ያልያዘ ሁሉ
«ወርቅ እጅ»፣ «ወርቅ እጅ»፣ «ወርቅ እጅ» ይላሉ።
አንደኛው ተሳስቶ፣ ከሌላ ሥራ ቀድቶ፣
«ክትፎው ይጣፍጣል» አለ፣ ስሜን ጠርቶ።

ሁለት ቀን ከፍ አልኩኝ፤ በሦስተኛው ወረድኩ፣
ከነበርኩበትም ከሥር ሥሩ ባስኩ።
ሃያ አፍ ባንድ ምላስ ሲያወራ ይሸታል፤
ገበሬ እንክርዳዱን ከስንዴ መች ይስታል!
ስልኩም ወንፊት አለው፤ ቀስ ብሎ ይነፋል፣
ገለባ ከሆነ ደርቦ ይደፋል።

ቀጥሎ ሆርዶፋ ነው የተናገረው፤
ባለፈው ጥቅምት ነው ፓምፑ የተሰበረው።
ማንም ሳይከፍለው፣ ማንም ሳይለምነው፣
ያየውን ዘረገፈ እንዳለ እንደሆነው፦

«ሦስት ቀን አዘገየኝ። ቅዳሜ ብሎኝ፣ ማክሰኞ።
ቁጭ በል እንኳ አላለኝም፤ ሲሠራ አይናገርም።
ኢምፔለሩ ተሰንጥቋል፤ ‹አዲስ ግዛ› ሊለኝ ይችል ነበር፣
አላለኝም። በየደ፣ ሞረደ፣ ዓይኔ እያየ አስነሳው።
አሮጌውን ጎሚኒ በእጄ አስይዞ
‹ውሃህን ሲጠጣ የከረመው ይሄ ነው› አለኝ።
መቶ ብር መልስ አጥቶ፣
በሁለተኛው ሳምንት በሹፌር ላከልኝ።
ውሃው እስካሁን አልተቋረጠም።
ቢሆንም ሦስት ቀን አዘገየኝ።
ሁለት መደብ ሽንኩርት ደርቆብኛል።»

ለሜሳ ሲሰማ ላብ አጠመቀው፤
«እናስጠፋው፣» አለ፣ «ስምህን አረከሰው!»
እኔ ግን ዝም አልኩኝ፤ እውነቱን ነውና።
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ አልነገርኩትምና።

ሳምንት ሳይሞላው አንድ ሰው፣ ፓምፕ በትከሻው ተሸክሞ፣
ጥላው ሱቄን ሞላው፣ ከደጃፌ ቆሞ።
«ሦስት ቀን የሚያዘገየው አንተ ነህ?»
«ነኝ።»
«አሮጌውን ጎሚኒ የምትመልሰው?»
«ነኝ።»
«በል እንካ፤ አራትም ቢሆን እጠብቃለሁ።»

በማግስቱ ዲንቂቱ፣ ከወለንጪቲ፦
«መልስ ሲያጣ የሚልከው» ብላ ነው የጠየቀችው፤
ስሜን አታውቀውም።
ስሜ ግን፣ ለሜሳ እንዳለኝ፣ ጣት ሳትሰለች
ከምትደርስበት ወጥቷል።

ሃያው «ምርጥ» የት ገባ? የአዳማ ነፋስ ያውቃል።
እኔን የሚያባንነኝ፣ ሌሊት፣ ሁለቱ መደብ ነው፤
ሽንኩርት ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።
በወንጂው ሹፌር አዲስ ጎሚኒ ላክሁለት፣
«ለሁለቱ መደብ» ብዬ።

መልስ ገና አልመጣም።
ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።