ከጠረጴዛው ሥር

ከዋሻው አፍ ሲደርስ ባቡሩ ቆመብኝ፤
«ሞተሩ አልቆለታል» ሲል ኡልፍ ነገረኝ።
ሞተር ከመወንጀል ሐዲድ መወልወል ነው፣
አልኮል በነካ ጨርቅ፣ ጥቁሩ እስኪለቀው።
ወለወልኩ። አሁንም ቆመ።

ተንበርክኬ ገባሁ ከጠረጴዛው ሥር፣
ቪላንድ በሕይወቱ ካላስገባኝ አገር።
በየሽቦው አንገት ለራሱ የጻፈው ክታብ፦
«ቀይ የቀኝ ሐዲድ ነው፣ ጥቁር ለግራው ይሳብ።
ዋናው መስመር ይወፍር፣ ቀጭን ሩቅ አይሄድም፤
በየሜትሩ ቀጥል፣ ኃይል በምኞት አይደርስም።
ዞሮ የሚመለስ ሐዲድ ከራሱ ይጣላል፤
ክፍተት ስጠው በመሃል፣ አለዚያ ይቃጠላል።
ጠምዝዘህ አትተው፣ በይደው፤
እጮኛ ሚስት አይሆንም።»

ከዋሻው ግርጌ ግን፣ ከጨለማው መሃል፣
አንዲቷን ቀይ ሽቦ ጠምዝዞ ትቷታል!

ብቻዬን ስስቅ ጣውላው አናቴን አገኘኝ፤
ደክሞት ይሆን? ረስቶ? የሚመልስ የለኝ።
መበየጃው ጋለ፤ እርሳሱ ቀለጠ፤
ውጭ የዚታው ዝናብ ጣሪያውን ቀጠቀጠ።

መቆጣጠሪያውን አዞርኩ፣ በጣት ጫፍ፣ በጥቂቱ፤
ዋሻው ዋጠው።
ጠበቅኩ።
በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ መብራቱ።