ለዘይኑ፣ ካርቶኑን ሳይከፍት

ሰምቻለሁ ዘይኑ፣ ወሬ እግር አለው፣
አንተ ብትደብቀኝ ሰፈሩ አወራው፤
እህትህ ሉባባ ከጅዳ የላከችው
ማሽን ቤት ገብቷል፣ ካርቶኑ ሳይቀደድ፣
ቡፌው ላይ ተኮፍሷል እንደ ትልቅ ዘመድ፤
እናትህ ዳንቴሏን ደርባ አልብሳው
በሄደች በመጣች አቧራ ታብስለታለች አሉ።

አብሽር፣ አልቀየምም።
ቀረ አይደል ከእንግዲህ ወረፋ መጠበቁ፣
አስር ብር ጨብጦ በብርድ መሳቀቁ፣
የጦሳ ጉም ወርዶ በቆርቆሮው ሾልኮ
«ሙሄ፣ ኳሷ ጠፋች!» ማለቱ ተንበርክኮ።
ደንበኛዬን አጣሁ፤ ምክሬን ግን አልነሳም፣
ምክር በጨዋታ አስር ብር አያወጣም፤
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጆይስቲክ ስፈታ፣ ስገጥም፣
የቱ ጌም ወንድማማች እንደሚያጣላ፣ የቱ እንደሚያስታርቅ፣
አዝራሩ ላይ ከቀረው ላብ አንብቤ አውቃለሁ እኔም።

ኳሱን አታስቀድም።
አውቃለሁ፣ ልብህ እዚያ ነው፣ ግን ኳስ ለብቻ አይጥም፤
ጎል ስታገባ ማን ላይ ትዘላለህ? ቡፌው ላይ?
ኦፍሳይድ መሆኑን በገዛ ዓይኑ እያየ፣
አንዱ ወላሂ ብሎ፣ አንዱ በማርያም ምሎ
የሚሟገትህ ሰው ከካርቶን አይወጣም
በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ይልቅ ለመጀመሪያ
ያን የጭነት መኪናውን፣ መንገዱ የማያልቀውን ያዝ፤
አባትህን ከጎን አስቀምጥና ጆይስቲኩን አስይዝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሐረጎን ቁልቁለት
በማርሽ የወረደ፣ ተሳቢ እየጎተተ በሌሊት፣
ወገቡ ከከዳው ወዲህ መሪ ያልነካ ሰው ነው።
«ጎማውን የት ነው የማየው?» ይልሃል መጀመሪያ፤
ከዚያ በረዶ በሸፈነው፣ ስሙን በማያውቀው አገር
ቀስ ብሎ ይነዳል፣
ሰው በሌለው መታጠፊያ ፍሬቻ ያበራል።
አደራ፣ አትሳቅበት።

ተኩስ ያለበትን ግን ከእኔ አትስማ።
ነበረኝ፣ ልጆቹ የሚሻሙበት፣ ደህና የሚሸጥ፤
ያን ዓመት ከሽሽት ተመልሰን ሱቄን ገፋ ባደርገው
ቴሌቪዥኑ ተወስዷል፣ አግዳሚው ተወስዷል፣
ዲስኩ ወለሉ ላይ፣ ጭረት እንኳ ሳይነካው፣ ቀርቷል።
ከዚያ ወዲህ ማሽን ውስጥ አላስገባሁትም።

ለሉባባ ደግሞ
ድንጋይ በድንጋይ እየካቡ ቤት የሚሠሩበት አለ፤
አዝጋሚ ነው፣ ትሰለቻለህ፣ ቢሆንም ግዛው።
ማታ ስትደውል ስልኩን ወደ እስክሪኑ አዙረው፤
«ይኸው ሳሎንሽ» በላት፣ «በሩን የት ላድርገው?»
ጢጣ ላይ የገዛችው መሬት እስካሁን ሣር ነው፤
መስኮቱን እሷ ትምረጥ፣
አፍርሰው ካለችህ አፍርሰው፣
አንተ ዝም ብለህ ካበው።

ደግሞ ሴቭ ማድረግ አትርሳ።
መብራት ኃይል ሲሄድ ደህና እደር አይልም፣
የሰው ድካም አይቶ ደቂቃ አይታገሥም።
ስታቢላይዘር ከሌለህ የእኔን አሮጌውን ውሰድ፣
ይጮኻል እንጂ ይሠራል።
ስትጫወት ዳንቴሉን አንሳለት፣ ማሽንም እንደ ሰው ይታፈናል፤
ስትጨርስ ግን መልሰህ አልብሰው፣
የእናትህን ፊት አስብ።

ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሸጠህ ጫማ እንዳትገዛበት፤
አውቅሃለሁ።

ሌላ ምን ቀረኝ?
ግድግዳዬ ላይ፣ ከሶኬቱ በላይ፣ በከሰል የጻፍኩት አለ፦
ዘይኑ፣ ሦስት ጨዋታ፣ ዱቤ።
ሁለቱን ተሸንፈሃል፣ አንዱን መብራት ወሰደው።
ለመክፈል አትቸኩል፤
ኖራ ስቀባም እሷን ዘልዬ ነው የምቀባው።