ሰያፉ ምንጣፍ

ከራምላ ዳርቻ፣ ከሐዲዱ ወዲያ፣
በጎማ ጠጋኝና በጣውላ መሸጪያ
መካከል የቆመ አንድ መስጊድ አለ።
ማዘጋጃ ቤት ግን፣ መዝገብ ሲገለጥ፣ "ፈቃድ አልባ" ተባለ።
ሂድና ለካ አሉኝ።
ሦስት እግር መቆሚያ፣ ሜትርና ቅጽ ይዤ፣
ዝናብ በማያውቀው በዚህ አገር ሐምሌ፣ በእንቅልፍ ፈዝዤ።

ጠባቂው ሙንዚር ነው፤ ጡረታ የወጣ የውሃ ቧንቧ ሠሪ፣
እሱው ቁልፍ ያዥ ነው፣ እሱው አዛን ጠሪ።
"ከየት እንጀምር?" ስል፣
"ከብርቱካኑ" አለኝ።

በቱርኮች ዘመን ነው፤ አያቱ እንዳወሩት፣
ብርቱካን ማሸጊያ መጋዘን ነው የሠሩት።
ያፋ ወደብ ድረስ በግመል የሚጫን፣
በስስ ወረቀት ላይ አንድ ባንድ የሚጠቀለል ብርቱካን።
ግድግዳው ፊቱን የሰጠው ለመንገድ፣ ለጋሪ፣
ለመካ አይደለም፤ ለገዢ፣ ለቆጣሪ።

ኋላ ነጋዴው ከሰረ፤ ሰፈርተኛው ወሰደ፣
ሳጥኑን አውጥቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ሰገደ።
ግን ግድግዳ አይዞርም!
መካ ጥግ ለጥግ፣ በደቡብ በኩል ወድቃ፣
ምሕራቡን ፈለፈሉት ከማዕዘን ድንጋይ ጫንቃ።
ምንጣፉ ሰያፍ ነው፤ ሰልፉም ሰያፍ ቀና፣
ሕንፃው ለገበያ፣ ሰዉ ለፈጣሪው፣ በየራሱ ጎዳና።

ከዚያ ዐርባ ስምንት መጣ።
ሙንዚር ይህን ሲያወራ፣ ቧንቧ እንደሚለካ ሰው፣ ድምፁን ሳያነሣ፣
"ሄዱ" ይላል ብቻ። "ሄዱ። ሽንኩርት አከማቹበት፣ ስሙም እየተረሣ።
ስንመለስ ኖራ ቀባነው፣ ሦስቴ። ዛሬም ክረምት ሲገባ
ሽንኩርት ይሸታል ግድግዳው፣ ሰጋጅ ያለ ኀዘን እያነባ።"

"ያለ ኀዘን?" ብዬ አልጠየቅኩም።

ሚናራው የሱ እጅ ነው፤ በስድስት ሌሊት ያቆመው፣
የመስኖ ቧንቧ በይዶ፣ ሲሚንቶ ያለበሰው።
ዐሥራ አንድ ሜትር ከሃያ። ነፋስ ሲመጣ ያፏጫል።
"ጫፉን መድፈን ረሳሁ" አለ እየሳቀ፣ "ከኔ ይልቅ እሱ ይጣራል።"

ጻፍኩ፦
ርዝመት፣ ዐሥራ አራት ሜትር። ወርድ፣ ዘጠኝ ተኩል።
ቅርጽ፣ አራት ማዕዘን።
ጣራ፣ የድንጋይ ቅስት፤ የምዕራቡ ጎን ቆርቆሮ።
ከግድግዳው እስከ ምንጣፉ መስመር፣ ሠላሳ አንድ ዲግሪ።
ይህን የሚጽፉበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም፤ ሰረዝኩት።

"ስሙስ?" አልኩት በመጨረሻ።
"መስጊድ" አለኝ። "ሌላ ስም የለውም።"

ቃሉ ውስጤ ወደቀ፤ የአባቴ ቃል ነውና፣
እኛም ወገራ ላይ፣ በቤተ እስራኤል መንደር፣ ምኩራብን መች አውቀን ገና!
መስጊድ ነበር የምንለው፤ ክብ ቤት፣ ሣር ክዳን፣ ጭቃ ልስን፣
ጉልላቱ ላይ የተደፋ፣ ሸክላ ሠሪ አክስቴ የጠፈጠፈችው ገን።
ኢየሩሳሌም በሰሜን ናት፤ እኛም ወደ ሰሜን።

እዚህ በመጣን ሰሞን፣ በመጠለያው ክፍል ጥግ፣
አባቴ ጎህ ሲቀድ ወደ ሰሜን ቆመ፣ እንደ ወትሮው ወግ።
ኢየሩሳሌም ግን በምሥራቅ ነበረች፣ በቀኝ ጆሮው በኩል፣
ከልብስ ማስጫው ማዶ፣ አውቶቡስ በሚያልፍበት፣ አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው ቢበዛ።
ወንድሜ ሊያርመው ሲል እናቴ እጁን ያዘችው፤
"ተወው" አለች፣ "ግድግዳው ነው የተሳሳተው።"

ይህን ለሙንዚር አልነገርኩትም። በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉን ሁለቴ አዞረ።
ቅጹን አጠፍኩ፤ ከቁልቋሉ በኩል ነፋስ ነበረ።

አምስት ዓመት አለፈ። ፋይሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣
ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሳልኳት ሰያፍ መስመር እንኳ ሳትታይ።
የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ጸሐፊዋ ገልጣ ታነባለች፦
ስም፣ መስጊድ።
ጉዳዩ፣ በመጣራት ላይ።